በአንድ ጉድጓድ የተገናኙ ሁለት ውሃዎች፦ ብረትና ማንጋኒዝ የሚያዘቅጡ ባክቴሪያዎች የደፈኑት የድሬዳዋ ጉድጓድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ደቻቱም ሆነ ሌሎቹ የአሸዋ ወንዞች ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ድንገት ሞልተው ይወርዱና መልሰው ይደርቃሉ፤ ከተማዋ የምትጠጣው፣ የምታበስለውና የምታጥበው ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውሃ ነው። ከከተማው መስመር በተጨማሪ ብዙ ተቋማትና የአትክልት እርሻዎች የየራሳቸውን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ስለ ውሃው ጥራት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገውን ናይትሬት የተባለ በካይ ይጨምርበታል። ብረትና ማንጋኒዝ፣ ይልቁንም እነዚህን ማዕድናት ከውሃ ውስጥ እያወጡ የሚያዘቅጡት ባክቴሪያዎች፣ እምብዛም አይነሱም። በዚህም ምክንያት ሲከሰቱ በሌላ ስም ይጠራሉ፤ «ፓምፑ ዝጓል»፣ «ቧንቧው አርጅቷል»፣ «ጉድጓዱ ደርቋል» ይባላል፤ ጥገናውም የሚጀመረው ከዚያው ስም ነው።

እዚህ የምመዘግበው ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኝ የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ታሪክ ነው። የግቢውንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ለመጻፍ ያነሳሳኝ የመፍትሔው አቅጣጫ አብዛኛው ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ በመጨረሻ የተዘጋው ጥርት ብሎ የሚታየው ውሃ ሲሆን፣ እንዲቀዳ የተፈቀደው ብረት ያዘለው ውሃ ነው።

ግቢውና ጉድጓዱ

ትምህርት ቤቱ የሚገኘው በአንድ የአሸዋ ወንዝ ዳርቻ ሲሆን፣ በዙሪያው ባለፉት ዓመታት ብዙ ቤቶች ተሠርተዋል። ጉድጓዱ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ ቧንቧ) ለብሷል። ቆፋሪው ያስረከበው መዝገብ ከአስተዳዳሪው መሳቢያ ውስጥ ሳይነካ ተገኘ፤ የዚህ ጉዳይ ግማሽ መልስ የነበረውም እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ከላይ ወንዙ ያመጣው አሸዋና ጠጠር አለ፤ ከሥሩ ወፍራም የሸክላ ንብርብር ይከተላል፤ ከሸክላው በታች ደግሞ ዳግመኛ አሸዋና ጠጠር ይገኛል። ስክሪን (ውሃ የሚያስገባው ባለ ቀዳዳ የኬዚንጉ ክፍል) የተገጠመው በሁለቱም ውሃ ያዥ ንብርብሮች ላይ ነው፤ ብዙ ስክሪን ብዙ ውሃ ይሰጣል በሚል ስሌት ይህ በየቦታው የሚደረግ ነገር ነው።

ውሃው በሰርጓጅ ፓምፕ ማማ ላይ ወዳለው ታንከር ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ በየመኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎችና ፓፓያና ብርቱካን ወደተተከለበት አትክልት ቦታ ይከፋፈላል። አትክልቱ የሚጠጣው በጠብታ መስኖ ነው። መብራት ስለሚቆራረጥ ፓምፑ ኃይል ሲኖር በሙሉ አቅሙ ለአጭር ሰዓት ይሠራል፤ ቀሪውን ጊዜ ይቆማል። ይህ የአሠራር ልማድ ኋላ ላይ ከጉዳዩ ዋና ተዋናዮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

ችግሩ እንዴት ታየ

የመጀመሪያው ምልክት የታየው አትክልት ቦታው ላይ ነበር። የጠብታ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይደፈኑ ጀመር፤ አትክልተኛው ጎማውን ቆርጦ ሲያየው ውስጡ በቡናማ አተላ ተለስኗል። የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ እንደሚለው ብረትም ሆነ ማንጋኒዝ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም ሲያልፍ የጠብታ መስኖን ማስቸገር ይጀምራል፤ ከ1.5 በላይ ሲሆን ችግሩ ከባድ ነው። የጠብታ ቀዳዳ ከሰው ዓይንና ምላስ ቀድሞ ብረትን ይለያል ማለት ነው።

ቀጥሎ የተቸገሩት ልብስ የሚያጥቡት እናት ናቸው። ነጭ አንሶላና የተማሪዎች ሸሚዝ ከታጠበ በኋላ ቢጫ ነጠብጣብ እያወጣ አስቸገራቸው። እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው በረኪና ጨመሩበት፤ ነጠብጣቡ ግን ይብስ ደመቀ። በረኪና በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የቀረውን ብረት ወደ ዝገትነት ለውጦ ጨርቁ ላይ ስለሚያስቀረው ከዚህ የተለየ ውጤት ሊሰጥ አይችልም ነበር። በኋላ ግን በራሳቸው ሙከራ ሎሚና ጨው አሽተው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት እንደሚለቅ ደረሱበት። «ሳሙናውም በረኪናውም አልሆነውም፤ ሎሚ ነው የሚያስለቅቀው» ብለው ሲነግሩን፣ ከማንኛውም የላብራቶሪ ወረቀት በፊት ጉዳዩ የብረት መሆኑን ነግረውናል፤ አሲድ ዝገትን ያሟሟል፣ ክሎሪን ግን ያጸናዋል።

በወጥ ቤት በኩል ሻዩ ጠቆረ። ብረት ከሻይ ቅጠል ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይፈጥራል፤ ወጥ ሠሪዎቹ ቅጠሉን ቢቀይሩም ለውጥ አላገኙም። በመጨረሻም የውሃው መጠን ራሱ ቀነሰ። ቀድሞ በግማሽ ቀን ይሞላ የነበረው ታንከር እስከ ምሽት አልሞላ አለ፤ ግቢውም በቦቴ ውሃ መግዛት ጀመረ።

ቀድመው የተወሰዱ እርምጃዎች

ፓምፑ ዝጓል ተብሎ በአዲስ ተተካ። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ከተሻሻለ በኋላ ወደነበረበት ተመለሰ። ከዚያ ክሎሪን ከላይ ተጨመረና አድሮ ተቀዳ፤ ሽታው ጠፋ፣ ውሃውም ለሳምንታት ተሻሻለ፤ ወቅቱ ሳያልፍ ግን አተላው ተመልሶ መጣ። የጥራጥሬ ክሎሪኑ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ስለነበረና የአካባቢው ውሃም አስቀድሞ በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ፣ ኬዚንጉ ላይ ተጨማሪ የኖራ ቅርፊት ታክሎበት ተገኘ። ሁለቱም እርምጃዎች ብዙ ገንዘብ ፈጅተዋል፤ መንስኤውን ግን አልነኩትም።

ምርመራው

ችግሩን እንድንመረምር እኛ ስንጠራ ፓምፑ ከጉድጓድ ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። በመምጠጫው ወንፊት ላይ የተለጠፈው ነገር ከውጭ በኩል ሲነካ የሚያዳልጥ ብርቱካናማ አተላ፣ ከሥሩ ደግሞ በቢላ የሚፋቅ ጠንካራ ቅርፊት ነበር። ማማው ላይ ባለው ታንከር ወለልና ከታንከሩ በሚወጣው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግን ጥቁር ሲሆን፣ ሲታሽ ጣትን ያጠቁራል። ይህ የቦታ ልዩነት ራሱ ትርጉም አለው፤ ብረት ኦክስጅን ባገኘበት ቦታ ቀድሞ ይዘቅጣል፤ ማንጋኒዝ ግን ዘግይቶ፣ ብረቱ ካለቀና አየሩ ከበዛ በኋላ ነው የሚዘቅጠው።

ከዚያ በቀላል ዕቃ ሊደረጉ የሚችሉ ሙከራዎችን አደረግን። ከጉድጓዱ አፍ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ሲቀመጥ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጥሩ ውሃ ጥርት ያለ ነበር፤ ቆየት ሲል ደፈረሰ፤ ከዚያም ብርጭቆው ሥር ቢጫ ዝቃጭ ተቀመጠ። ዝገቱ ከቧንቧው የመጣ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከመጀመሪያው ቀለም ይዞ ይወጣ ነበር፤ ጥርት ብሎ ወጥቶ በኋላ የሚቀላ ውሃ ግን ብረቱን ሟሟ አድርጎ ከመሬት ይዞት የመጣ ነው። ቅርፊቱ ላይ አሲድ ጠብ ሲደረግ ብዙም አልተፍለቀለቀም፤ ስለዚህ አብዛኛው ኖራ አልነበረም። ደርቆ የተፈጨው ቢጫ ዱቄት ብረት ምጣድ ላይ በኃይል ሲቆላ ውሃውን እየለቀቀ ወደ ሸክላ ቀይ ተለወጠ፤ ይህ የብረት ኦክሳይድ ጠባይ ነው። (ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የተጠቀሙበት 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀለማማ የብረት ድንጋይ መገኘቱን ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ቀይና ቢጫ በእጁ ሲገባ ልዩ ስሜት ይሰጠዋል።) ጥቁሩ ዝቃጭ ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስበት በኃይል ኮረፈ። የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ይህን ያደርጋል፤ ነገር ግን ሕያዋን ባክቴሪያዎችም በራሳቸው ኢንዛይም ፐርኦክሳይድን ስለሚያኮርፉ፣ ይህ ሙከራ ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ማረጋገጫው በኋላ ከላብራቶሪ መጣ፤ ብረቱ ቀለምና ጣዕም መለወጥ ከሚጀምርበት በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም በብዙ እጥፍ የበለጠ ሲሆን፣ ማንጋኒዙም ከሚፈለገው በላይ ነበር።

ባክቴሪያዎቹን ለማየት የማይክሮስኮፕ መስታወቶች በክር ታስረው ታንከሩ ውስጥ ለቀናት ተንጠለጠሉ። ሲወጡ ቡናማ ሽፋን ለብሰዋል። በ400 እጥፍ ሲታዩ መስኩን የሞሉት ቀጥ ያሉ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ፣ ብረት የተለበጡ ቱቦዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ባክቴሪያው ቱቦውን ሠርቶ፣ ትቶት ወጥቶ ሌላ ይሠራል። ይህ ሌፕቶትሪክስ የተባለው የባክቴሪያ ወገን መለያ ነው። በእንዝርት እንደተጠማዘዘ ፈትል የሚታየው ጋሊዮኔላ የተባለው ሌላ ብረት አዝቃጭ ባክቴሪያ ግንድ ግን ፈልገን ያገኘነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ጋሊዮኔላ ቀዝቃዛ ውሃ የሚመርጥ ሲሆን የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ሞቃት ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት ሥዕል ላይ ተመሥርቶ የተጠማዘዘውን ግንድ ብቻ የሚፈልግ መርማሪ በእኛ አየር ጠባይ «ባክቴሪያ የለም» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

እስካሁን የተገኘው ሁሉ ምን እንዳለ እንጂ ለምን እዚህ እንደበዛ አይናገርም። ፍንጩን የሰጠን የፓምፕ ሠራተኛው ነው። ፓምፑ ሠርቶ ጥቂት ሲቆይ ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ድምፅ እንደሚሰማው ነገረን። ጆሯችንን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠግተን ስናዳምጥ እውነትም ውሃ ከከፍታ ወደ ውሃ ሲወድቅ ይሰማል። የውሃው ወለል በፓምፑ ጉልበት ከላይኛው ስክሪን በታች ይወርዳል፤ የላይኛው ንብርብር ውሃ ደግሞ በኬዚንጉ ውስጥ እንደ ፏፏቴ እየወረደ አየር ይዞ ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል።

ይህን ለማረጋገጥ ፓምፑ ከተነሳ ጀምሮ በየተወሰነ ጊዜ ናሙና ተወሰደ። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ናይትሬትና ኦክስጅን የበዛበት፣ ብረት ግን የሌለበት ነበር፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ናይትሬቱ ቀነሰ፣ ብረቱ ጨመረ። ናይትሬትና የሟሟ ብረት በአንድ ውሃ ውስጥ አብረው በብዛት አይኖሩም፤ አንዱ ኦክስጅን ያለበት፣ ሌላው ኦክስጅን ያለቀበት አካባቢ ምልክት ነው። ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ ከወጡ ሁለት ውሃዎች ጉድጓዱ ውስጥ ተገናኝተዋል። ፓምፑ በቆመ ቁጥር የላይኛው ውሃ በኬዚንጉ በኩል ወርዶ ወደ ታችኛው ንብርብር ይገባል፤ ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመለሰው ይኸው ገብቶ ያደረው ውሃ ነው። ጉድጓዱ፣ ሸክላው ለብዙ ዘመን ለያይቷቸው የኖሩትን ሁለት ውሃዎች የሚያገናኝ በር ሆኖ ነበር።

ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ሥራ

ኦክስጅን በሌለበት መሬት ውስጥ ብረትና ማንጋኒዝ ሟሟ ሆነው በውሃው ይጓዛሉ፤ ቀለምም የላቸውም። ኦክስጅን ሲያገኙ የማይሟሙ ኦክሳይዶች ሆነው ይዘቅጣሉ። ብረት በገለልተኛ ውሃ ውስጥ ያለ ባክቴሪያም በራሱ ጊዜ ይህን ያደርጋል። ስለዚህ በብረት ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ የሚመርጠው ኦክስጅን ገና መግባት የጀመረበትን ጠባብ ድንበር ነው፤ እዚያ የኬሚካሉ ለውጥ ዘገምተኛ ስለሆነ ባክቴሪያው ቀድሞ ይደርሳል። ማንጋኒዝ የተለየ ነው፤ ውሃው በጣም አልካላይን ካልሆነ በቀር በአየር ብቻ በቀላሉ አይዘቅጥም፤ በተፈጥሮ ውሃዎች ውስጥ ሥራውን የሚያፋጥኑት በአብዛኛው ሕያዋን ናቸው።

ብረትን ከኦክስጅን ጋር በማዋሃድ የሚገኘው ጉልበት እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ በዚህ የሚኖር ባክቴሪያ ለጥቂት ዕድገት ብዙ ብረት ማዘቅጠት ይኖርበታል። አንድ ግራም ብረት ሲዘቅጥ ወደ 1.9 ግራም የደረቀ ብረት ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል፤ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ብረት ያለው ጉድጓድ በቀን 10 ሜትር ኩብ ቢሰጥ፣ በየቀኑ ወደ 38 ግራም ደረቅ ዝቃጭ ሊፈጠር ይችላል፤ ውሃ አዝሎ ሲያብጥ ቦታው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። የሚፈጠረው በስክሪኑ ቀዳዳዎችና ከኋላቸው ባለው ጠጠር ውስጥ ከሆነ፣ ጉድጓዱ «የደረቀ» እስኪመስል ድረስ ይታፈናል፤ ውሃው ግን መሬት ውስጥ አለ።

እነዚህ ሕያዋን ለሳይንስ አዲስ አይደሉም። ጋሊዮኔላን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የገለጸው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤረንበርግ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1825 በቀይ ባሕር ጉዞው ምጽዋ ደርሶ ነበር፤ የጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪክም እዚያው አርፏል። ሩሲያዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1888 ሌፕቶትሪክስን አጥንቶ ሕይወት ካለው ነገር ሳይሆን ከማዕድን ጉልበት የማግኘትን ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የበርሊን ከተማ የጉድጓድ ውሃ ክሬኖትሪክስ በተባለ ባክቴሪያ ተበላሽቶ ታላቅ ችግር ሆኖ ነበር። የድሬዳዋው ግቢ የገጠመው ከዚህ የተለየ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሽታ እንደማያመጡ ለወላጆችና ለመምህራን ደጋግሞ መንገር አስፈላጊ ነበር፤ በአተላው ሥር ግን ኦክስጅን የማይፈልጉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተጠልለው መጥፎ ሽታ ይፈጥራሉ፣ የኬዚንጉንና የቧንቧውን ብረትም ይበላሉ።

የተሠራው ሥራ

የመጀመሪያው ሥራ ጽዳት ነበር። ክሎሪን አተላውን ዘልቆ የማይገባ በመሆኑ ቀድሞ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ኬዚንጉና ስክሪኑ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍገው፣ ፍርስራሹ በኮምፕረሰር አየር ተነፍቶ ወጣ። የወጣው ውሃ ለረጅም ጊዜ እንደ ቀለም ቀይ ነበር። ለቅርፊቱ አሲድ ተመረጠ። ኦክሳሊክ አሲድ ብረትን በደንብ ቢያሟሟም በካልሲየም በበለጸገ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ካልሲየም ኦክሳሌት ስለሚፈጥር ተትቶ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከዝገት መከላከያ ጋር ተቀላቅሎ ጥቅም ላይ ዋለ። አሲዱ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ መውጣቱ በልኬት ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ክሎሪን ገባ። ይህ ቅደም ተከተል ለድርድር አይቀርብም፤ አሲድና ክሎሪን ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመን ሰው ሊገድል ይችላል።

ክሎሪኑ ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሆነ። ስሌቱን ለሌሎች እንዲጠቅም ላስቀምጠው። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኬዚንግ በአንድ ሜትር ወደ 31 ሊትር ይይዛል፤ 50 ሜትር የውሃ ከፍታ ካለ 1,570 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ለማድረስ 314 ግራም ክሎሪን፣ ማለትም 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና ከ6 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ያስፈልጋል። ከስክሪኑ ኋላ ያለውን ጠጠር ለመድረስ መጠኑን ቢያንስ በእጥፍ ማሳደግ ይገባል። አድሮ በማግሥቱ የሚወጣው ውሃ ወደ አትክልትም ሆነ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ መለቀቅ የለበትም።

ጽዳቱ የጉድጓዱን አቅም መለሰ። መንስኤው ግን በቦታው ነበርና ዋናው ውሳኔ ገና አልተወሰነም ነበር፤ ከሁለቱ ውሃዎች አንዱ መዘጋት አለበት። የግቢው ኮሚቴ መጀመሪያ የፈለገው ብረት ያለበትን የታችኛውን መዝጋት ነበር፤ ልብስ የሚያበላሸው፣ ሻይ የሚያጠቁረው እሱ ነውና። እኛ የመከርነው የላይኛው እንዲዘጋ ነው። የላይኛው ውሃ ለዓይን ጥርት ያለ ቢሆንም ናይትሬቱ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 50 ሚሊ ግራም ብሎ ያስቀመጠውን ወሰን የተጠጋ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት መጸዳጃ ጉድጓዶች እየበዙ እንጂ እያነሱ አይሄዱም። ናይትሬት በአሸዋ ማጣሪያ አይወጣም፣ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም፤ የሚያወጣው መሣሪያ ውድ ነው። ብረትና ማንጋኒዝ ግን በአየርና በአሸዋ ይወጣሉ። አስተዳዳሪው የሁለቱን የላብራቶሪ ውጤት ጎን ለጎን ካየ በኋላ ለኮሚቴው ያስረዳው እሱ ራሱ ነው፤ እኛ ብንናገር ያን ያህል ተሰሚነት አናገኝም ነበር።

በላይኛው ስክሪን ትይዩ የፒቪሲ ቧንቧ ወደ ኬዚንጉ ውስጥ ወረደ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከታች በማሸጊያ ተዘግቶ ከላይ ቦያካ (የሲሚንቶ ቅልቅል) ተሞላበት፤ ቦያካው በስክሪኑ ቀዳዳዎች አልፎ ከኋላ ያለውን ጠጠር እንዲይዝ ተደረገ። ከኋላ ያለው ጠጠር ካልተያዘ ውሃው በውጭ በኩል ወርዶ እንደበፊቱ ይቀላቀላል፤ ቧንቧ ማውረዱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ፓምፑም በዝቅተኛ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት እንዲሠራ ተደርጎ፣ ለዚህ የሚያግዝ ተጨማሪ ታንከር ተተከለ።

ከላይ የቀረው ሥራ ማጣሪያው ነው። ውሃው በጠጠር የተሞሉ፣ ታችኛቸው የተበሳ ተደራራቢ ትሪዎች ላይ እየተንጠባጠበ አየር ያገኛል። አንድ ሚሊ ግራም ብረት ለማዘቅጠት 0.14 ሚሊ ግራም፣ ለማንጋኒዝ ደግሞ 0.29 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ስለሚበቃ ሞተር አያስፈልገውም። ከዚያ ውሃው በሁለት የአሸዋ ማጣሪያዎች ያልፋል፤ በመጀመሪያው ብረቱ፣ በሁለተኛው ማንጋኒዙ ይቀራል። በሁለተኛው አሸዋ ላይ ከታንከሩ ወለል የተፋቀው ጥቁር ዝቃጭ ተደባለቀበት። ጉድጓዱ ውስጥ ስንዋጋቸው የነበሩት ባክቴሪያዎች እዚህ ተፈላጊ ሠራተኞች ናቸውና ዘር ሆነው እንዲያገለግሉ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የብረት ማጣሪያው በቀናት ውስጥ ሥራውን ጀመረ። የማንጋኒዙ ግን ሳምንታት ወሰደበት፤ አሸዋው ቀስ በቀስ እየጠቆረ ሲሄድ የሚወጣው ውሃ እየተሻሻለ መጣ። በዚህ መካከል ትዕግሥት ያጣ ሰው ማጣሪያው አይሠራም ብሎ አሸዋውን ሊቀይረው ይችላል፤ ያኔ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

አንድ ጊዜ የማንጋኒዙ ማጣሪያ ከማማው በመጣ ክሎሪን ያለበት ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ ተለቆበት ታጠበ። ውሃው ለዓይን አልተለወጠም፤ ማንጋኒዙ ግን ሳይያዝ ማለፍ ጀመረ፤ ለማገገምም እንደገና ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ለማጠቢያ የሚያገለግል ክሎሪን ያልገባበት ውሃ በተለየ ሮቶ ይቀመጣል፤ ክሎሪን የሚጨመረው ከማጣሪያው በኋላ ብቻ ነው። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋም ችግር አለ። ውሃው አሸዋው ውስጥ ሲቆም ኦክስጅኑ ያልቅና የተያዘው ብረትና ማንጋኒዝ በከፊል መልሶ ይሟሟል፤ ስለዚህ ከረጅም መቋረጥ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ይደፋል።

የላይኛው ስክሪን መዘጋት የጉድጓዱን ምርት ቀንሶታል፤ ይህ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጥሬ ውሃ የብረት መጠንም ጨምሯል፣ የሚያቀጥነው የለምና። ፓምፑ ለምርመራ ሲወጣ ግን ወንፊቱ ላይ የነበረው እንደ በፊቱ ያለ ወፍራም አተላ ሳይሆን ስስ ሽፋን ነበር። ናይትሬቱ በጣም ቢወርድም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በጠጠሩ በኩል የቀረ ትንሽ መንገድ እንዳለ ያሳያል። የጠብታ መስኖው አሁን ከማጣሪያው በኋላ ከሚወጣው ውሃ ይጠጣል። በአሮጌው መስመር ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ጥቁር ዝቃጭ ግን የውሃው ግፊት በተለወጠ ቁጥር እየተላቀቀ በሩቁ መኝታ ቤት ቧንቧ ይወጣል። መስመሩን ማጠብ ቀንሶታል እንጂ አላቆመውም፤ ያ ክፍል ቧንቧው ካልተቀየረ የሚቆም አይመስለኝም።

ለሌሎች ጉድጓዶች የሚሆነው

ጥርት ብሎ ወጥቶ ቆይቶ የሚቀላ ውሃ ያለው ሰው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት የጉድጓዱን መዝገብ ፈልጎ ስክሪኖቹ የት እንዳሉ ይመልከት፤ ከዚያም ፓምፑ እንደተነሳና ከሰዓታት በኋላ የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎችን ብረት፣ ማንጋኒዝና ናይትሬት ያስለካ። የሁለቱ ናሙናዎች ልዩነት ሰፊ ከሆነ ጉድጓዱ ሁለት ውሃ ያደባልቃል። አንድ ናሙና ብቻ መውሰድ፣ ያውም ፓምፑ ገና እንደተነሳ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍጹም አሳሳች መልስ ይሰጥ ነበር።

አዲስ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ደግሞ በሸክላ የተለያዩ ንብርብሮችን በአንድ ኬዚንግ ማገናኘት የለበትም። የቆፋሪው ውል የሸክላው ቦታ በኋላው ጠጠር በኩልም በሸክላ ወይም በቦያካ እንዲዘጋ በግልጽ ማስገደድ አለበት። ሥራው በቁፋሮው ጊዜ ርካሽ ነው፤ በኋላ ግን እንዳየነው ውድና ያልተሟላ ነው።

ማንጋኒዝን ቀለም ብቻ የሚያበላሽ አድርጎ መመልከትም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በሊትር 0.08 ሚሊ ግራም የሚል ጊዜያዊ ወሰን ያስቀመጠው በተለይ በጡጦ ወተት የሚያድጉ ሕፃናትን አስቦ ነው። ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው በሚኖሩበት ግቢ ይህ ልኬት ከብረቱ እኩል መታየት አለበት።

ማንኛውም ጉድጓድ ደግሞ የሚለካው በሚሰጠው ውሃ ብቻ ሳይሆን ያን ውሃ ለመስጠት ወለሉ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው። በሰከንድ የሚወጣው ሊትር ለወረደው ሜትር ተካፍሎ በየወሩ ደብተር ላይ ቢጻፍ፣ መደፈኑ ታንከሩ አልሞላ ከማለቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ይታያል። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው በሩብ ሳይወርድ ጽዳት ቢጀመር ብሩሽና ክሎሪን ይበቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ አተላው ወደ ቅርፊት ተለውጦ አሲድ ይጠይቃል። በዚህ ግቢ ደብተሩን የሚይዘው ያው ጉድጓዱ ውስጥ የሚወድቀውን ውሃ ድምፅ አስቀድሞ የሰማው የፓምፕ ሠራተኛ ሲሆን፣ ልኬቱን የሚወስደው የማማው ታንከር ከተሞላ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ነው።